የአክስት አሌይዳ እርጥብ ሳንቃዎች

እኛ ኦስተርዋርቶች ከሁለት ነገር አንጠግብም፤ ከስብሰባና ስለ ጎርፍ ከማውራት። ጎርፉን ራሱን የሚወድ የለም፤ ወሬውን ግን ያየውም ያላየውም ያወራዋል፤ እንዲያውም ያላየው ያሳምረዋል። እኔ ግን ልነግራችሁ የተነሳሁት ስብሰባም ወሬም ስለማትወድ አንዲት ሴት ነው። አሌይዳ ቫን ደር ሁቨን ትባላለች። ዕድሜዋ ሰባ ሦስት ነው። ልጅ ሽማግሌ ሳይል መንደርተኛው ሁሉ «አክስት አሌይዳ» ይላታል፤ የአብዛኞቻችን አክስት ግን አይደለችም፤ እውነተኛ የወንድሟ ልጆችም ዝምድናቸውን ጮክ ብለው አያወሩም።

መንደራችን ያለችው በዋል ወንዝ ዳር ነው። በወንዙና በቤቶቻችን መሃል የጎርፍ መከላከያው ግድብ ተጋድሟል። ግድቡን ሰንጥቆ ወደ ወንዙ የሚወርድ መንገድ አለ፤ ያንን ስንጥቅ «በሩ» እንለዋለን። በር ይባል እንጂ መዝጊያ የለውም። ግራና ቀኝ የጡብ ግንብ፣ በግንቡ ላይ ከላይ እስከ ታች የተፈለፈሉ ቦዮች፣ ሌላ ምንም። ወንዙ ሲሞላ ሃያ ስምንት የኦክ ሳንቃዎች ከጎን ካለው የሳንቃ ቤት ይወጡና በቦዮቹ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራሉ፤ አሥራ አራቱ በወንዝ በኩል፣ አሥራ አራቱ በመንደር በኩል። በሁለቱ ረድፎች መሃል የሚቀረው ክፍተት በፈረስ ፋንድያና በጭድ ይጠቀጠቃል። ከዚያ በኋላ ወንዙ ያሻውን ይበል።

የሳንቃዎቹ ጠባቂ አሌይዳ ናት። ጠባቂ ስል ሌባ ታባርራለች ማለቴ አይደለም። መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሳንቃ ሊሰርቅ የሚመጣ ወንድ ቢገኝ ከአድናቆት ብዛት አንዱን ጫፍ ራሷ ትይዝለት ነበር። ሥራዋ ማርጠብ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከወንዙ በባልዲ ውሃ እየቀዳች ሃያ ስምንቱንም ታጠጣለች። ከዚያ በጣቷ አንጓ እያንኳኳች ታዳምጣለች። ይህን ያስተማራት አባቷ ነው፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። «የረጠበ ሳንቃ እንደ ጠገበች ላም ሆድ ነው ድምፁ» ይላት ነበር፤ «የደረቀ ግን ባዶ ጠረጴዛ ነው። ባዶ ጠረጴዛ ወንዝ አያቆምም።» እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲረጥብ አብጦ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ኋላ እንደታየው ዩኒቨርሲቲ መግባት ሳያሰናክል አይቀርም።

አባቷ ቁልፉን ሊሰጥ ያሰበው ለወንድሟ ነበር። ወንድሟ ግን የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ሮተርዳም ገባ፤ የዘመድ ልደት ቀን ሲከበር ብቻ ብቅ ይላል፤ እሱም ኬኩ ጥሩ መሆኑን በስልክ ጠይቆ ነው። «እንግዲያው ወንድ እስኪገኝ አንቺ ያዢው» አላት አባቷ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ አንድ ዓመት ሆነ፤ ወንዱ አልተገኘም፤ እሷም አልፈለገችውም።

ባል ግን አግብታ ነበር። ኮቡስ ይባላል፤ አይብ ይነግድ ነበር፤ ጨዋ ሰው ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት ወንዙ ጢም ብሎ ሞልቶ መንደሩ በሙሉ ልቀቁ ሲባል፣ ኮቡስ የካናሪ ወፉን ከነጎጆዋ አቅፎ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ወጣ። አሌይዳ ውሃው የወንዙ ዳር ደረጃ ሦስተኛውን ድንጋይ ሲነካ ፍራሽና የአተር ሾርባ ይዛ ሳንቃ ቤቱ ገባች፤ አሥራ አንድ ቀን አልወጣችም። ሳንቃዎቹ ያዙ። ሰዉ ሲመለስ ምንጣፉ ደረቅ፣ ድንቹ ደረቅ። ከእኛ መሃል ሄዶ አመሰግናለሁ ያላት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ይልቅ አውቶቡሱ ውስጥ ስለነበረው ብርድ ለዓመታት አወራን። ኮቡስ ሲሞት በቀብሩ ላይ አንድ ነገር እንድትናገር ጠየቋት። «ጥሩ ሰው ነበር» አለች፤ «ውሃ እስካልመጣ ድረስ።» አለችና ተቀመጠች።

እኔን የምታውቀኝ በተሸካሚነቴ ነው። ሳንቃዎቹን የምንሸከም ስምንት ሰዎች ነን፤ እኔ የመጨረሻውን ጫፍ ስለምይዝ «ጅራት» ነው የምትለኝ። በሌላ ቀን ብስክሌት እጠግናለሁ። የእሷን ብስክሌት አሥራ አምስት ጊዜ ጠግኜላታለሁ፤ አንድም ጊዜ በስሜ አልጠራችኝም።

አሁን ወደ ሜኔር ላውረንስ ዴ ብላው ልምጣ፤ እጄን እያሻሸሁ ነው የምመጣው።

በእኛ መንደር ሰው የሚጠራው በስሙ ነው፤ አንተ ተብሎ፣ ትከሻው ቸብ ተደርጎ። አንድ ሰው አሥር ዓመት ኖሮ አሁንም «ሜኔር»፣ ማለትም «አቶ»፣ ከተባለ ወይ ቄሱ ነው ወይ አልተፈለገም። ላውረንስ ቄስ አይደለም። ከሄግ ነው የመጣው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥቶ። ከግድቡ ውጭ፣ በወንዙ በኩል ያለውን ትልቁን ቤት ገዛ፤ ምክንያቱም ወንዙን ማየት ይፈልጋል። ወንዙም እሱን ማየት ሊፈልግ እንደሚችል ማንም አልነገረውም።

በሦስት ወሩ የቅርስ ማኅበር አቋቋመ። በስድስት ወሩ መንደሩን በሰሌዳ ሞላው። በሃርመን ግቢ ጥግ ያለው ድንጋይ ላይ «ጥንታዊ የወሰን ምልክት» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ሃርመን ፈረስ አርቢ ነው፤ ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ንግግር። ያንን ድንጋይ ራሱ ነው ያስቀመጠው፤ የወተት መኪናው ግንቡን እየገጨ አስቸግሮት። ሄዶ ለላውረንስ ነገረው። ላውረንስ እጁን ያዘና «የቃል ትውፊት እንዲህ ነው የሚጀምረው» ብሎ በማስታወሻው ላይ ጻፈለት። ሃርመን ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል አልተናገረም። እንግዶች ሲመጡ ግን ኮፍያውን አውልቆ በድንጋዩ ፊት ይቆማል።

ባለፈው የካቲት ማኅበሩ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው የሳንቃ ቤቱን ሙዚየም ማድረግ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የሆነውን አትረዱትም፤ በዚያ ስብሰባ ከቡናው ጋር ሁለት ብስኩት ታደለ። በኦስተርዋርት ታሪክ ከአንድ ቡና ጋር አንድ ብስኩት ነው፤ ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮው ክዳን ይዘጋል። ያን ቀን ክዳኑ ክፍት ቀረ። ሰዉ የወትሮው ሰው አልነበረም።

ላውረንስ በትልቅ ስክሪን ሥዕል አሳየን። የሳንቃ ቤቱ ውስጥ መብራት፣ ወለል፣ ማሞቂያ። ሳንቃዎቹ ተልገው፣ ሰም ተቀብተው፣ እንደ ፒያኖ የሚያበሩ።

«እነዚህ ሳንቃዎች» አለ፣ «ለዘመናት በእርጥበትና በቸልተኝነት ተሠቃይተዋል። የእኛ ትውልድ ሊታደጋቸው ይገባል።»

አሌይዳ ከኋላ ወንበር ተነሳች። የተናጋሪ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሩብ ደቂቃ አልፈጀባትም።

«ካደረቃችኋቸው ይኮማተራሉ። ከተኮማተሩ ውሃ አይይዙም። ውሃ ካልያዙ የአልጋ እንጨት ናቸው።»

«ሜቭራው ቫን ደር ሁቨን፣ ስጋትዎን በጣም በጣም እናከብራለን» አላት ላውረንስ፤ ወይዘሮ ማለቱ ነው።

«ስጋት አላልኩም። እንጨት ነው ያልኩት።»

በቃለ ጉባኤው ላይ «አንዲት አንጋፋ ነዋሪ እርጥበትን በተመለከተ ስሜታቸውን አካፍለዋል» ተብሎ ሰፈረ። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። አርባ አንድ ለሁለት። ሁለቱ አሌይዳና ሃርመን ናቸው። እኔ እጄን ከአርባ አንዱ ጋር አወጣሁ። ምን ላድርግ፣ ሁለተኛውን ብስኩት በልቼዋለሁ።

ስትወጣ በሩ ላይ አጠገቤ ቆመች። አገጬ ላይ የቀረችውን የብስኩት ፍርፋሪ በጣቷ አራግፋልኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

በመጋቢት የሳንቃ ቤቱ ቁልፍ ተቀየረ። በቀጣዩ ቅዳሜ አሌይዳ ሁለት ባልዲ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ላውረንስ ደግሞ በበሩ ውስጥ በኩል፣ በመስታወቱ ላይ እጁን ያውለበልባል። በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ። ሙቀቱ ፊታችንን መታን፤ ዳቦ ቤት የገባን ነው የመሰለን።

«ሜቭራው፣ ዛሬ የመክፈቻ ሰዓታችን ከሰዓት በኋላ ነው» አላት።

«እኔ ልጎበኝ አልመጣሁም።»

«ውሃ ወደ ውስጥ ማስገባት በፍጹም አይቻልም። ወለሉ አዲስ ነው።»

«ወለሉን አላጠጣም፤ ሳንቃዎቹን ነው።»

«ሜቭራው፣ አሁን እኮ ተጠብቀዋል።»

አሌይዳ ባልዲዎቹን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። እጇን በበሩ ክፍተት አስገብታ የመጀመሪያውን ሳንቃ አንኳኳች። እኔ ውጭ ሆኜ ድምፁን ሰማሁ። ጠረጴዛ ነው፤ ያውም ባዶ።

ላውረንስ ሊያጽናናት ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ክፈፍ አነሳ። በላዩ ላይ በወርቃማ ፊደል «ለረጅም ዘመን ለሰጡት አገልግሎት፣ የቅርስ እናት» የሚል የምስክር ወረቀት አለ። ተቀበለችው። ቤቷ ወስዳ ሽንት ቤት ውስጥ ሰቀለችው፤ ከዘመዶች የልደት ቀን መቁጠሪያ አጠገብ። መቁጠሪያው በየቤቱ የሚሰቀለው እዚያ ስለሆነ ለቅርስ እናትነትም የማይመጥን ቦታ አይደለም አለች።

በሰኔ ግድቡን ከሚቆጣጠረው የውሃ ቦርድ ለጠባቂዋ ደብዳቤ መጣ። አሌይዳ ደብዳቤውን ወደ ሱቄ አምጥታ በጥገና ጠረጴዛዬ ላይ አነበበችው። በየዓመቱ በጥቅምት የመጀመሪያ ቅዳሜ በሩን የመዝጋት ልምምድ እናደርጋለን፤ ይህ የቆየ ነው። የዘንድሮው ግን የመጨረሻ ፈተና ይሆናል ይላል። በሩ በአራት ሰዓት ውስጥ መዘጋት አለበት። ከዚያ በሁለቱ ረድፎች መሃል ውሃ ይሞላል፤ ውሃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ስንዝር በላይ ከጎደለ በሩ ለዘለዓለም በሸክላ አፈር ይደፈናል፤ ሳንቃዎቹም ከሥራ ይሰናበታሉ።

«ገባህ፣ ጅራት?» አለችኝ።

«ገብቶኛል፣ አክስቴ።»

«አባቴ ያረጠባቸው፣ እኔ ሃምሳ አንድ ዓመት ያረጠብኳቸው፣ በሰም ተቀብተው በአንድ ቅዳሜ ሊሰናበቱ ነው።»

ደብዳቤውን ስታጥፈው ሦስት ጊዜ ተሳሳተች።

አብሬያት ላውረንስ ዘንድ ሄድኩ። አነበበው፤ ፊቱ ፈካ።

«ያሳዝናል፣ በእርግጥ ያሳዝናል» አለ። «ግን እስቲ አስቡት፤ ከሥራ ከተሰናበቱ ሙሉ በሙሉ ቅርስ ይሆናሉ። ማንም አያወጣቸው፣ ማንም አይሸከማቸው፣ ማንም አይነካቸው።»

አሌይዳ ደብዳቤውን ከእጁ ወሰደች። «በሩ ሲደፈን እርስዎ ወደ ቤትዎ በምን ይገባሉ?»

ላውረንስ ወደ መስኮቱ ዞረ። ቤቱ ከበሩ ውጭ ነው፣ ነግሬያችኋለሁ። መንገዱ ያ አንድ ብቻ ነው። ሌላው በሚቀጥለው መንደር ዞሮ የከብት መንጃውን ጭቃ ተከትሎ ነው።

«እሱን በመጸው ስብሰባ ላይ እናነሳዋለን» አለ።

ሳንቃዎቹ ቢያንስ ለአንድ ወር ማሞቂያው ጠፍቶላቸው ውሃ እንዲጠጡ ለመነችው። ለመነች ነው የምላችሁ፤ ይህን ቃል ስለ አሌይዳ እጽፋለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ማሞቂያው ከተዘጋ የጎብኚዎች ቅሬታ ይመጣል አላት። ከዚያ ተነስታ በቀጥታ ሃርመን ጋ ሄደች። ሃርመን ከበረቱ ፋንድያ እያወጣ ነበር።

«ዘንድሮ እርሻህ ላይ እንዳትበትነው» አለችው።

«የትኛውን?»

«ሁሉንም። ክምር፣ ጭድ ደባልቅበት፣ ሸፍነው። ለጥቅምት እፈልገዋለሁ።»

«ስንት ያህል?»

«ሁለት ተጎታች ሙሉ።»

ሃርመን ፈረሶቹን ዞሮ አያቸው። «ልነግራቸው እሞክራለሁ» አለ።

የጥቅምቱ ቅዳሜ ደረሰ። ላውረንስ የታተመ ፕሮግራም አዘጋጅቷል፤ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የሳንቃ ዝግጅት፣ የነፋስ መሣሪያ ባንድ፣ ሾርባ። አሮጌው የመዝጊያ ሥርዓት ላይ ያለው የፋንድያ ክፍል ከፕሮግራሙ ወጥቷል፤ «ለእንግዶች ምቾት ሲባል» ይላል በትናንሽ ፊደል። ከአምስት መንደር የቅርስ ማኅበራት ሠላሳ የሚሆኑ እንግዶች መጡ። ደረታቸው ላይ የስም ካርድ፣ እግራቸው ላይ ለከተማ አስፋልት የተሠራ ጫማ። ላውረንስ የግመል ቀለም ካፖርት ለብሷል። የጋዜጣው ፎቶ አንሺም አለ።

ከውሃ ቦርዱ የመጣችው መርማሪ ማሬይከ ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ቢጫ ቦቲ ጫማ፣ የእጅ ሰዓት፣ ጠመኔ። ለማንም ፈገግ አላለችም። አሌይዳ ወዲያው ወደደቻት።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። ስምንት ተሸካሚዎች በሁለት ቡድን፤ እኔ ጅራት ላይ። ሰሙ ያንሸራትታል። ድሮ ሳንቃው ቦዩ ውስጥ ሲገባ በእንጨት መዶሻ እየተመታ፣ እያቃሰተ ነበር የሚወርደው። ያን ቀን ግን ዝርግፍ እያለ ወረደ፤ እንደ ደብዳቤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«እንዴት እንደቀለለ ተመልከቱ» አለ ላውረንስ በማይክሮፎን፤ «የእንክብካቤ ውጤት ነው።»

አሌይዳ አይኗን ጨፈነች።

አምስት ሰዓት ላይ ሃያ ስምንተኛው ገባ። የእሳት አደጋ ፓምፑ ተከፈተ፤ ውሃው በረድፎቹ መሃል ጎረፈ። ጉልበት ያህል ሳይሞላ ሳንቃዎቹ ሁሉ ማልቀስ ጀመሩ። ማልቀስ አልኩ እንጂ ፏፏቴ ነው። በየስንጥቁ ይተፋል፤ በመንደር በኩል የቆሙት የባንድ ሰዎች መለከታቸውን ከፍ አድርገው ሸሹ። ፓምፑ ይሞላል፣ ሳንቃው ያፈሳል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መሃሉ ባዶ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ ኩሬ።

ማሬይከ ብዕሯን አወጣች።

«የኔ ልጅ» አለቻት አሌይዳ፤ «ሰዓቱ ስንት ነው?»

«አምስት ሰዓት ከሩብ።»

«ለመዝጊያው አራት ሰዓት ሙሉ ይፈቀዳል፤ የጀመርነው በሁለት ነው። እስከ ስድስት አለን። በሩ ገና አልተዘጋም።»

«ምን ቀረ?»

«ፋንድያው።»

ላውረንስ በውሃው መሃል እየተራመደ መጣ። «ሜቭራው፣ ያ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም።»

«ወንዙም ፕሮግራምዎን አላነበበም።»

ማሬይከ ከቦርሳዋ የመዝጊያ መመሪያውን አወጣች፤ ገለጠች፤ በጣቷ ተከትላ አነበበች። «የፈረስ ፋንድያና ጭድ» አለች፤ «አለ። አልተሰረዘም። ግን በአርባ አምስት ደቂቃ ከየት ይመጣል?»

አሌይዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አፏጨች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ትራክተር ተነሳ። ሃርመን በቀስታ ብቅ አለ፤ ሁለት ተጎታች አስከትሎ፤ ሁለቱም እየጨሱ። ሽታው ከሱ ቀድሞ ደረሰ። እንግዶቹ እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው ሲያነሱ የስም ካርዶቻቸው በአንድነት ተገለበጡ።

«ስምንት ሰው አይበቃም» አለች አሌይዳ። ሃርመን ከተጎታቹ ጎን አካፋና መንሽ ያወርዳል፤ አርባ ይሆናል፤ ከየገበሬው ቤት ለምኖ ሰብስቦታል። «ቅርስ የምትወዱ ሰዎች፣ ቅርሱ ይኸው። ያዙ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሳ። የላውረንስን ፊት አየሁት፤ በአንድ በኩል ካፖርቱን ያስባል፣ በሌላ በኩል ጋዜጣውን። ጋዜጣው አሸነፈ። አካፋ አነሳ። እሱ ካነሳ የአምስት መንደር ሊቃነ መናብርት እንዴት ቆመው ይቅሩ? ወረዱበት።

እንደዚያ ያለ ነገር ዳግመኛ አላይም። አንድ የታሪክ ዶክተር እስከ ጉልበቱ ጭድ ውስጥ ገብቶ ይረግጣል። አንዲት ባለ ዕንቁ ጉትቻ ሴትዮ በመንሽ ስትወረውር ከሃርመን በለጠች። ላውረንስ ሲወረውር ነፋሱን አላየም፤ ግማሹ ወደ ካፖርቱ ተመለሰ። አሌይዳ በግንቡ ላይ ቆማ ታዛለች።

«ጥግ ጥጉን ጠቅጥቁ፤ መሃሉ ራሱ ይሞላል። ሜኔር፣ ማንኪያ አይደለም የያዙት፣ ዝቅ አድርገው ይዛቁ። ጅራት፣ አትሳቅ፣ እርገጥ።»

«እየረገጥኩ ነው፣ አክስቴ።»

«እየጨፈርክ ነው። እርገጥ።»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የመጨረሻው አካፋ ተጣለ። ፓምፑ ተከፈተ። ውሃው ፋንድያውን አርሶ፣ አረፋ እየደፈቀ ላይ ደረሰ። ማሬይከ በጡቡ ላይ በጠመኔ አሰመረች። ከዚያ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ባንዱ አልተጫወተም፤ ሾርባውን የነካ የለም። በመንደር በኩል ሳንቃዎቹ ቡናማ ጠብታ ያንጠባጥባሉ፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ እያሰለሱ። አሌይዳ ከሳንቃዎቹ ፊት ተንበርክካ በአንጓዋ ታንኳኳለች፤ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውን። መቁጠሩ ሲጠፋባት ያየሁት ያኔ ነው። ሌላ ሰው እንዳያይ ፊቷ ቆምኩ፤ ለብስኩቱ ካሳ እንዲሆንልኝ።

ሰዓቱ ሲሞላ ማሬይከ እጇን በጡቡ ላይ አሳርፋ ለካች። «አራት ጣት» አለች። «ከስንዝር በታች ነው። አልፏል።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ከእጃቸው ላይ የሚረግፈው ሌላ ነገር ነው። ላውረንስ ማይክሮፎኑን አነሳና ማኅበሩ ጥንታዊውን የፋንድያ ሥርዓት ማደሱን አበሠረ። አሌይዳ አልተቃወመችውም፤ የሰማችውም አልመሰለኝም።

ማሬይከ ቅጽ ዘረጋች። «የጠባቂው ስም እዚህ ይጻፋል። አንድ ሰው ብቻ። ቁልፉም በዚያ ሰው እጅ ይሆናል፤ አያያዙንም የሚወስነው እሱ ነው።»

ላውረንስ ብዕሩን ከካፖርቱ ውስጥ ፈጥኖ አወጣ። «እንደ ሊቀመንበርነቴ» አለ።

የመንደሩ ሰዎች ሁላችንም አሌይዳን አየናት። እሷ ግን በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። «ይጻፉ» አለች። «ሜኔር፣ ከስሙ በታች ያለውን ብቻ ጮክ ብለው ያንብቡልን፤ መነጽሬን ረስቻለሁ።»

መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነበር።

ላውረንስ ማንበብ ጀመረ። «ጠባቂው... ውሃው ሦስተኛውን የደረጃ ድንጋይ ሲነካ... ሳንቃ ቤት ገብቶ ያድራል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ውሃው እስኪወርድ ድረስ... በማናቸውም ምክንያት ከቦታው አይለይም። መንደሩ እንዲለቀቅ ቢታዘዝ... የመጨረሻው ወጪ ጠባቂው ነው።»

«ፍራሹን አውስዎታለሁ» አለችው። «የአተር ሾርባውን ግን ራስዎ ይሠሩታል። ባለፈው ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ነበር፤ የዘንድሮ ክረምት ከባድ ነው ይላሉ።»

ብዕሩ በወረቀቱ ላይ ቆሞ ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ጣለ፤ ነጥቡም እየሰፋ ሄደ።

«በእርግጥ» አለ ላውረንስ፤ «ከትውፊት ቀጣይነት አንጻር፣ ልምድ ካላቸው አንጋፋ ነዋሪ... እኔ በአስተዋዋቂነቱ በኩል...»

«ቁልፉ» አለችው አሌይዳ፤ እጇን ዘርግታ።

ቁልፉ ከካፖርቱ ኪስ ሲወጣ ጭድ ነበረበት። ስሟን ጻፈች፤ በትላልቅ ፊደል፣ ሰማያዊውን ነጥብ አካትታ።

በጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ የወጣው ላውረንስ ነው፤ አካፋ ይዞ፣ ወደ ሩቅ እየተመለከተ፤ «ቅርስን በእጁ የታደገ» ከሚል ጽሑፍ ጋር። የፋንድያ ቀን በየዓመቱ እንዲከበር ማኅበሩ ወሰነ፤ አርባ ለባዶ፤ እኔ ያን ቀን ብስክሌት ጥገና ነበረብኝ። ጋዜጣውን ለአሌይዳ ይዤላት ሄድኩ። ፎቶውን ከራቅ፣ ከቀረብ አድርጋ አየችው።

«አያያዙን እስካሁን አልተማረም» አለች። «አካፋውን ማለቴ ነው።»

ማሞቂያው ተነቅሎ ወጣ። ሃርመን ለውርንጭላዎቹ ወሰደው። አዲሱ ወለል በወር ውስጥ አብጦ እንደ ግመል ጀርባ ጎበጠ። ላውረንስ አሁንም እንግዶች ያመጣል፤ ቅዳሜ ጠዋት፤ ካፖርቱም አዲስ ነው። ውስጥ ግን አይገባም፤ ደፉ ላይ ቆሞ አንገቱን እያሰገገ ያስረዳል። ይህ የምታዩት፣ ይላል፣ ጥንታዊው የማርጠብ ሥርዓት ነው። አሌይዳ ባልዲውን የምትደፋው ልክ «ሥርዓት» ሲል ነው፤ ጫማው የት ድረስ እንደሚቆም በደንብ ታውቃለች፤ ውሃውን ሁልጊዜ ከዚያ አንድ ጣት ታሳልፈዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ውሃ ልቀዳላት ገብቼ ነበር። አሥራ አንደኛውን ሳንቃ አንኳኳች። እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ ላሟ ጠግባለች ብዬ አሰብኩ።

«ደህና ነው፣ አይደል?» አልኳት።

እንደገና አንኳኳች፤ ጭንቅላቷን ዘመም አድርጋ ቆየች።

«ገና ነው» አለችና ሁለተኛውን ባልዲ አስያዘችኝ።